ቃርሚያ ቤት የሞተው መሐንዲስ

መሐንዲስ አምሃ ሰኞ ቀትር ላይ፣ ምሳውን ሳይበላ፣ በገዛ ማሽኑ ቤት ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ፓምፑ ከተተከለበት ጉድጓድ ውስጥ ጎኑን ሰጥቶ፣ ክንዱን ተንተርሶ ነበር። ከጉድጓዱ በላይ ግድግዳውን ተከትለው የሚያልፉ ሁለት ወፋፍራም ቱቦዎች አሉ፤ በታችኛው ላይ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ምሳው ቁጭ ብሏል። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያዩት ማሽኑን ሊጎበኙ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ናቸው። አንደኛው ሰውዬ «ተኝቷል እንዴ?» ብለው ፈገግ ብለው ነበር ይባላል፤ ፈገግታቸውን ሳይሰበስቡ ሌላው ጮኸ።

የገልጫ ወርቅ ማውጫ ከዲላ በስተምሥራቅ፣ የቡናው ጥላ አልቆ ቀይ አፈር ብቻ በሚታይበት ተረተር ላይ ነው። ኢንስፔክተር መንበረ ከዲላ ወጥታ እዚያ እስክትደርስ ገዳይ ተብዬው ተይዞ ጠበቃት። ሳጅን ጫላ እስከ በሩ ወጥቶ ተቀበላት።

«ኢንስፔክተር፣ በከንቱ ደከሙ። ነገሩ አልቋል።»

«እስቲ የጨረስከውን ንገረኝ።»

«ወልዱ ነው፤ የጀነሬተር ቤቱ አለቃ። ማሽኗ ከመጣች ጀምሮ ጥርሱን ነክሶባታል። ‹ይቺ ዕቃ አንድ ቀን ትገድልሃለች› ብሎ አምሃን በሰው ፊት ነግሮታል። የማሽን ቤቱ መተንፈሻ የተደፈነው በጆንያ ነው፤ ጆንያው ደግሞ ግራሶ በግራሶ ነው፣ ከጀነሬተር ቤት የወጣ። መኪናው እንደመጣ ወደ ዲላ እንወስደዋለን። ሠራተኛው ደሙ ፈልቷል፤ ከመሸ አናስጥለውም።»

ወልዱ ከጥበቃው ቤት ደጃፍ አግዳሚ ላይ እጁን ታስሮ ተቀምጧል። ሽበታም፣ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው ነው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልያል መሰለ። ሚስቱ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ነጠላዋን ጥርሷ ውስጥ አስገብታ ታየዋለች። ዛሬ ወደ ዲላ ከወረደ ተመልሶ የሚወጣበት ቀን እንደማይታወቅ ሁለቱም ገብቷቸዋል።

መንበረ ለቅናት እንግዳ አይደለችም። ከእሷ ኋላ የተቀጠሩ ወንዶች ተራ በተራ አለቃዋ ሲሆኑ አጨብጭባ መርቃለች፤ ቤቷ ገብታ ግን እራቷን ሳትበላ ተኝታለች። ስለዚህ የወልዱ ጥላቻ አልገረማትም። የሚጮህ ውሻ አይናከስም ይባላል። ቢናከስስ፣ የገዛ ጆንያውን ለምስክርነት ትቶ ይሄዳል?

ይህን ሞት ለመረዳት ማሽኗን ማወቅ ያስፈልጋል። ጊዜው ሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ገልጫ መብራት አልገባለትም። ወፍጮውም፣ ፓምፑም፣ አምፖሉም የሚሠራው በጀነሬተር ነው፤ ጀነሬተሮቹም ናፍጣ እንደ ውኃ ይጠጣሉ። ከሚጠጡት አብዛኛው ሙቀት ሆኖ በጭሱና ሞተሩን በሚያቀዘቅዘው ውኃ ይባክናል። ውኃው እጅ ያቃጥላል እንጂ አይፈላም፤ በእንፋሎት ሞተር ላዙር ለሚል ሰው ከንቱ ነው። አምሃና ጓደኛው መሐንዲስ ባልቻ ግን መላ ዘየዱ። ፍሪጅ ውስጥ ከሚገባው ጋዝ ጋር የሚቀራረብ፣ በሰው ገላ ሙቀት እንኳ የሚፈላ ፈሳሽ አመጡ። ያ የሚጣለው ሙቅ ውኃ ፈሳሹን ያፈላዋል፤ ትነቱ ተርባይን ያዞራል፤ ከዚያ የወንዝ ውኃ ያቀዘቅዘውና ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። እንዲህ እየተሽከረከረ ከተጣለ ሙቀት ኤሌክትሪክ ይለቀማል። ሠራተኛው ይህን ሲያይ ከታጨደ ማሳ ላይ የወደቀ ዛላ የሚለቅሙ ሰዎች ትዝ አሉትና ማሽኗን «ቃርሚያ» አላት። ስሙም ጸደቀ።

ቃርሚያ አንድ ክፉ ጠባይ ነበራት። ፈሳሹ ካመለጠ ሽታ የለውም፤ ትነቱም ከአየር ስለሚከብድ ወደ ዝቅታ ይወርዳል። ለዚህ ነው ከጉድጓዱ ሥር ወደ ቁልቁለቱ የሚወጣ መተንፈሻ የተቀደደለት። ያን መተንፈሻ ደፍኖ የጋዙን በርሜል ከፈት ያደረገ ሰው፣ ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ሰው በጣቱ ሳይነካው ይገድለዋል።

«መቼ ነው የሞተው?» አለች መንበረ ከጤና ጣቢያ የመጣውን ባለሙያ።

«ለመናገር ይቸግረኛል። ይህ ጋዝ ሲተን ያቀዘቅዛል። ገላው እንደ በረዶ ሆኗል። ሆስፒታል ይታይ።»

«መቼም ዛሬ ጠዋት ነው» አለ ጫላ። «ምሳውን አምጥቶ አስቀምጧል እኮ! ምሳ የሚይዝ ሬሳ የለም።»

መንበረ፣ ጆንያው ተነሥቶ ጋዙ ስለወጣ፣ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተንበርክካ የሟቹን ጫማ አየች። ቆዳው ላይ ያለው አቧራ ነው። የራሷን አየች፣ የጫላን አየች፣ በሩ ላይ የተኮለኮለውን ሰው እግር ሁሉ አየች። እሁድ ማታ ዝናቡ ጥሎ ነበርና የሁሉም ጫማ በቀይ ጭቃ ተለውሷል።

ተነሥታ ምሳውን ነካችው፤ ቀዝቃዛ ነው፤ ቅጠሉም ገና እርጥብ ነው። የተቀመጠበትን የታችኛውን ቱቦ ዳበሰች። እሱም ቀዝቃዛ ነው። እጇን ወደ ላይኛው ስትሰድ ግን «እህ!» ብላ መለሰችው። አቃጠላት። መዳፏን እየነፋች ጠጋ ብላ ስታይ፣ በሁለቱም ቱቦዎች መጋጠሚያ ላይ ውኃ እንዳያፈስ የሚጠመጠመው ካናፓ አዲስ ነው፤ በላዩ የተቀባው ቀይ ቀለም ገና ጣት ላይ ይይዛል።

«ሬሳው ይውጣ። ከዚያ በሩን ቆልፍና ቁልፉን ለእኔ ስጠኝ» አለችው ጫላን። «ማንም እንዳይገባ። ምሳውም ባለበት ይሁን።»

ጫላ ትከሻውን ሰበቀና የታዘዘውን አደረገ።

በሥራ አስኪያጁ ቢሮ መጀመሪያ የገቡት ባለቢሮው አቶ ጉግሳ ናቸው። የራሳቸው ወንበር ላይ መንበረ ተቀምጣ ስላገኟት የሚቀመጡበት ጠፍቷቸው ትንሽ ቆሙ።

«እውነቱን ልንገርዎት፣ ኢንስፔክተር። ቀንቼበታለሁ» አሉ ሳይጠየቁ። «ስንት ዘመን ይህን ተራራ ስቆፍር ዋናው መሥሪያ ቤት ስሜን አሳስቶ ነው የሚጽፈው። እሱ ቱቦ ከቱቦ ቢያጋጥም ከአዲስ አበባ ድረስ ሊያዩት ይመጣሉ።»

«ትናንት የት አመሹ?»

«ዲላ፣ ሆቴል፣ ከእንግዶቹ ጋር። እዚያው አድሬ አብሬያቸው መጣሁ። ይጠይቋቸው። ደግሞስ ቅናት ሰው የሚያስገድል ቢሆን፣ በዲላ ከተማ ሬሳ የሚያነሣ ሰው አይገኝም ነበር።»

መንበረ ሳቋን ዋጠች። «ዛሬ ከአምሃ በቀር ምሳውን ቱቦው ላይ ያስቀመጠ የለም። ለምን?»

«እኔ ነኝ የከለከልኩት፤ እንግዳ ፊት የቆጮ መደርደሪያ እንዳይመስል። ሌላ ቀንማ ሁሉም እዚያ ነው የሚያሞቀው። አምሃ ነው ያስለመዳቸው። ማሽኗን የወደዷት በሆዳቸው በኩል ነው።»

ቀጥላ የገባችው የካምፑ ምግብ አብሳይ ሀጅራ ናት። እጇን በሽርጧ እየጠረገች በሩ ላይ ቆመች።

«የኔ እናት፣ እኔ ምንም አላውቅም። ጎህ ሲቀድ ምሳውን ጠቅልዬ ደጅ ጠረጴዛው ላይ እደረድራለሁ፤ እያንዳንዱ የራሱን አንሥቶ ይሄዳል። የአምሃን በሁለት ቋጠሮ ነው የማስረው፤ ቃሪያ አይወድማ!» እንባዋ መጣ። «ደግ ልጅ ነበር፣ ምግብ አያማርርም።»

«ሲወስድ አይተሽዋል?»

«ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር። ብቻ የሠራተኛው ኢሱዙ ሳይመጣ ተነሥቷል። ስወጣ የሱ ቦታ ባዶ ነበር።»

«በዚያ ሰዓት ካምፑ ውስጥ ማን ነበር?»

«ከእኔ ሌላ እዚህ የሚያድሩት ሦስት ናቸው። አምሃ፣ ባልቻና ጋሽ ወልዱ። ሌላው የዲላ ሰው ነው።»

«ትናንት እራት ላይስ አምሃን አየሽው?»

«ዝናቡ አላወጣውም ብዬ ሳህኑን ከድኜ ተኛሁ። ማሽን ሲይዘው እራት መርሳት ልማዱ ነው፤ ምን ብዬ ልጠርጥር?»

የሟቹ ሚስት ናፍቆት በማውጫው ላቦራቶሪ ውስጥ የድንጋዩን ወርቅ የምትመረምር ናት። አልቅሳ ጨርሳ ዓይኗ ደርቋል።

«እሁድን ኮንጋ እናቴ ዘንድ ነበርኩ። ተኳርፈን ነበር። ዛሬ በኢሱዙው መጥቼ በማሽን ቤቱ ደጃፍ ሳልፍ አላንኳኳሁም። እሱ ይምጣ ብዬ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «እሱ ይምጣ ብዬ ነው፣ ኢንስፔክተር።»

«ያጣላችሁ ምንድን ነው?»

«ቃርሚያ ናት። ይሳቁብኝ። ሴት ብትሆን ፀጉሯን ይዤ እጎትታት ነበር፤ ብረትን ምን ያደርጓታል? በእንቅልፉ እንኳ የሚያወራው ስለ እሷ ነው።»

«ከሰውስ ጋር ጠብ ነበረው?»

«አምሃ ጠብ አያውቅም። ሰው እንዳይከፋው ብሎ የራሱን ሐሳብ የሌላ ሰው ነው የሚል ነው። እሱ፣ ባልቻና እኔ ዩኒቨርሲቲ አብረን ነበርን። መጀመሪያ ሽማግሌ የላከብኝ ባልቻ ነው። እኔ የመረጥኩት አምሃን ነው። ባልቻም አልተቀየመም፤ በሠርጋችን ሚዜ ሆኖ ከሁሉም በላይ የጨፈረ እሱ ነው።»

መንበረ የራሷ ጭብጨባ ትዝ አላት።

ባልቻ ሲገባ ለእንግዶቹ የለበሰውን ሙሉ ልብስ እንደለበሰ ነው፤ ከረባቱን ብቻ ፈቷል። ዓይኑ ቀልቷል። ለቅሶው የውሸት አይመስልም፤ የውሸትም አልነበረ ይሆናል። ሰው የቀናበትን ሰው መውደዱን አይተውም።

«ወንድሜ ነው የሞተው» አለ።

«መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ዛሬ ማለዳ። እንግዶቹን ከዲላ እንዳመጣ ታዝዤ ስለነበር ሲነጋጋ ነው የወጣሁት። በማሽን ቤቱ በኩል ሳልፍ በሩ ክፍት ነበር። ምሳውን ቱቦው ላይ ሲያስቀምጥ አየሁት። እጁን አነሣልኝ። ምነው ገብቼ ሰላም ባልኩት!»

«የትኛው ቱቦ ላይ?»

«ሁልጊዜ የሚያስቀምጥበት፣ ታችኛው ላይ። ከጀነሬተር የሚመጣው ሙቅ ውኃ የሚገባው በእሱ ነው። ማሽኗ ባትዞር እንኳ ውኃው እስከ አፏ መጥቶ ስለሚመለስ እሱ ይሞቃል። ላይኛው መውጫው ነው፤ ካልዞረች ቀዝቃዛ ነው።»

«በደንብ ያውቋታል።»

ባልቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «አውቃታለሁ? እኔ ነኝ የነደፍኳት! እያንዳንዷ ቱቦ በእኔ እጅ የተሣለች ናት። ሰው ግን ‹የአምሃ ማሽን› ነው የሚለው።» ወዲያው ደንገጥ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነፍሱን ይማረው። እኔ ስለ ስም ግድ የለኝም።»

ስለ ስም ግድ የሌለው ሰው ስለ ስም አያነሣም። መንበረ አመስግና ሸኘችው።

ውጭ መኪናው መጥቶ ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። መንበረ ግን ወደ ወልዱ ሄዳ አግዳሚው ላይ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ጫላንም ራቅ እንዲል በዓይኗ ነገረችው።

«ጋሽ ወልዱ፣ እጅዎን ያሳዩኝ።»

የታሰሩ እጆቹን ዘረጋ። ከጥፍሮቹ ሥር ቀይ ቀለም አለ።

«እሁድ የት ዋሉ?»

«ባንኮ ጎቲቲ ነው የዋልኩት። ቤተ ክርስቲያን።»

«ቤተ ክርስቲያኑ ቱቦ ይቀባል?»

ወልዱ አንገቱን ደፋ። ከአጥሩ ውጭ ሚስቱ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«ቀን እዚህ እንደነበሩ ቢታወቅ ይብስብኛል ብለው ነው የደበቁት። እኔ ደግሞ የሚያድንዎት እሱ ነው እላለሁ። ዝም ካሉ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሆናል፤ እርስዎ ዲላ ይወርዳሉ፣ የገደለው ለቅሶ ይቀመጣል።»

«ቃል ሰጥቼዋለሁ፣ ልጄ» አለ ወልዱ። «የሞተ ሰው ቃል ይበላል እንዴ?»

«የሞተው ሰው ገዳዩ ነጻ እንዲሄድ ቃል አላስገባዎትም።»

ወልዱ ብዙ ካመነታ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። መንበረ አላቋረጠችውም። ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ?»

«የለም። እኔና እሱ ብቻ።»

ተነሥታ እጁን ፈታችለት። ጫላ እየሮጠ መጣ። «ኢንስፔክተር! ምን እያደረጉ ነው? መኪናው እኮ…»

«መኪናው ይጠብቅ። ባዶውን አይሄድም። ሁሉንም ወደ ማሽን ቤቱ ጥራልኝ።»

ቃርሚያ ቤት ለብዙ ሰው አልተሠራችም። አቶ ጉግሳ ከተርባይኑ ጎን ተጣበው ቆሙ፤ ሀጅራ በሩ ላይ ቀረች፤ ናፍቆት ጉድጓዱን ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ወልዱ ከጫላ አጠገብ፣ ባልቻ ከፊት ቆሙ። የጀነሬተሮቹ ድምፅ ከውጭ ያጓራል።

«ሳጅን ጫላ ምሳ የሚይዝ ሬሳ የለም ብሎኛል» ብላ ጀመረች መንበረ። «ልክ ነው። እኔ ደግሞ በጭቃ ሄዶ ጫማው አቧራ የሆነ ሰው አላውቅም። ዝናቡ የጣለው እሁድ ማታ ነው። ከካምፑ እስከዚህ ያለው መንገድ ጭቃ ነው፤ ሁላችሁም እግራችሁን እዩ። የአምሃ ጫማ ግን ንጹሕ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ማለዳ ከካምፑ አልመጣም። እሁድ ዝናቡ ሳይጥል ገባ፤ ሳይወጣ ሞተ።»

«ታዲያ ምሳውን ማን አመጣው?» አሉ አቶ ጉግሳ።

«እሱን ነው የምንጠይቀው። ኢንጅነር ባልቻ፣ አምሃን ምሳውን ሲያስቀምጥ ያዩት እርስዎ ብቻ ነዎት። የት እንደሆነ ያሳዩን።»

ባልቻ በጣቱ ጠቆመ። «ያው ነው፤ ታችኛው ላይ። ምሳው ራሱ አለ አይደል?»

«እጅዎን ያሳርፉበት።»

ባልቻ በመዳፉ ነካው። ከዚያ መዳፉን አላነሣም፤ ቱቦው ራሱ አንዳች ነገር እንዲነግረው የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

«ቀዝቅዟል» አለ በመጨረሻ። «ጀነሬተሩ… ጠፍቶ ይሆናላ።»

«ጀነሬተሩ ይሰማዎታል። ከጠዋት ጀምሮ አልጠፋም። አቶ ጉግሳ፣ እባክዎ ላይኛውን ይንኩ።»

አቶ ጉግሳ ነክተው እጃቸውን አራገፉ። «እሳት ነው!»

«ይህ አይሆንም» አለ ባልቻ። «ሙቁ የሚገባው በታች ነው። እኔ ነኝ የነደፍኩት!»

«እስከ እሁድ ድረስ ልክ ነበሩ» አለች መንበረ። «ጋሽ ወልዱ፣ ይንገሯቸው።»

ወልዱ የታሰረበትን የእጁን አንጓ እያሸ ተናገረ።

«እኔ ይቺን ማሽን ጠልቼ ነበር። አልዋሽም። እኔ ያስተማርኳቸው ልጆች ሁሉ ወደ እሷ ሮጡ፤ እኔ የጭስ ጠባቂ ሆንኩ። ቅንዓት አጥንትን ያነቅዛል ይላል ቃሉ፤ ነቅዤ ነበር። ቅዳሜ አምሃ መጣና ‹ጋሽ ወልዱ፣ ካለ እርስዎ አይሆንልኝም› አለኝ። እንዲህ ካሉኝ ስንት ዘመን ሆነ! እሁድን ቤተ ክርስቲያን ቀርቼ ከሱ ጋር ዋልኩ። ውኃውና ጋዙ ጎን ለጎን፣ በአንድ ወገን ነበር የሚሄዱት። ‹ፊት ለፊት ቢገናኙ ብዙ ሙቀት ይቀባበላሉ፤ ንድፉ ላይ ተሳስቷል› አለኝ። ቱቦውን ፈትተን አዞርነው፤ ሙቁ በላይ እንዲገባ። እኔ ዝናቡ ሳይመጣ ወጣሁ። እሱ ፓምፑን ልይ ብሎ ጉድጓድ ወረደ።»

«ለምን በሥውር ሠራችሁት?» አሉ አቶ ጉግሳ።

ወልዱ ባልቻን ሳያይ መለሰ። «‹ንድፉ የባልቻ ነው። ከእንግዶቹ በፊት ይስተካከል፤ እሱ እንዳይሰማ፣ ይከፋዋል› ብሎ ቃል አስገባኝ።»

ናፍቆት ፊቷን ከግድግዳው መለሰች።

«ምናልባት አምሃ በልማድ ረስቶ ይሆናል» አለ ባልቻ። «ሰው ይረሳል።»

«ቀኑን ሙሉ በገዛ እጁ ሲያዞረው የዋለውን? ይርሳ እንበል። ጫማውንስ? ጭቃውንም ረስቶ ይሆን ያልረገጠው?» መንበረ አንድ እርምጃ ቀረበች። «ምሳው የተነሣው ኢሱዙው ሳይመጣ ነው። አቶ ጉግሳና ወይዘሮ ናፍቆት አልነበሩም። እዚህ ካደሩት አምሃ ሞቷል። ሀጅራ ከማድቤቷ አልራቀችም፤ ደግሞም አምሃን ዛሬ በሕይወት አየሁት አላለችም። ጋሽ ወልዱ ቱቦው መዞሩን ያውቃል፤ እሱ ቢሆን ኖሮ ላይኛው ላይ ባስቀመጠው ነበር። አምሃን ዛሬ ማለዳ አየሁት ያለኝ አንድ ሰው ነው፤ ለምን አለ? እሱ ዲላ እያለ አምሃ የሞተ እንዲመስል። ማለዳ ጀነሬተሮቹ ገና እየተነሡ ነበር፤ ሁለቱም ቱቦዎች ቀዝቃዛ ነበሩ። ቢዳብሷቸውም አይነግሩዎትም፣ ኢንጅነር ባልቻ። በለመዱት ላይ አስቀምጠው ወጡ። እሁድ ደግሞ ጋሽ ወልዱ ሲወጣ ጠብቀው፣ ከጀነሬተር ቤቱ ጆንያ አንሥተው መተንፈሻውን ደፈኑ፤ የጋዙንም በርሜል ከፈቱ። ሠራተኛው ማንን እንደሚጠረጥር ያውቁ ነበር።»

ባልቻ እጁን ከቱቦው አነሣ። ሰው ሁሉ የሚለውን ሲጠብቅ፣ የጮኸው ወደ ባዶው ጉድጓድ ነበር።

«ሁሉን ወሰደ! እኔ ሽማግሌ የላክሁባትን ወሰደ፤ አጨበጨብኩ። እኔ የነደፍኳትን በስሙ ጠሯት፤ አጨበጨብኩ። ዛሬ ደግሞ በእንግዶቹ ፊት እሱ ሲናገር ከኋላው ቆሜ ላጨበጭብ ነበር? አልቻልኩም። በቃ፣ አልቻልኩም!»

«ዛሬማ አንተን ሊያስቀድም ነበር» አለ ወልዱ።

ባልቻ ዞረ።

«ካናፓውን ስንጠመጥም ለእንግዶቹ የሚናገረውን እየተለማመደ አሰማኝ» አለ ወልዱ። «ንግግር አይሆንልኝም፣ ይስሙኝ አለ። ከአፉ የወጣው አብዛኛው ስለ አንተ ነው።»

ጫላ ካቴናውን ይዞ ቀረበ፤ ባልቻ እጁን ሲሰጠው እንኳ ዓይኑን ከወልዱ አልነቀለም።

«ምን አለ?»

ወልዱ ወደ ናፍቆት ተመለከተ።

«ጋሽ ወልዱ፣ ስለ እኔ ምን አለ? እንዴት ብሎ ነበር የሚጠራኝ? ስሜን መጀመሪያ ነው የሚጠራው?»

ወልዱ አፉን ሊከፍት ሲል ናፍቆት ቀደመችው።

«አይንገሩት» አለች። አልጮኸችም። «ጋሽ ወልዱ፣ በወላድ አምላክ፣ አይንገሩት።»

ባልቻ እየተገፋ ወጣ። መኪናው ላይ ሲሰቅሉትም አንገቱን አዙሮ «ምን አለ?» ይል ነበር። ወልዱ ሚስቱ ክንዱን ይዛው ደጃፉ ላይ ቆሞ አየው እንጂ አልመለሰለትም። መንበረም ከሾፌሩ ጎን ስትገባ ልትጠይቅ ፈልጋ ነበር፤ ተወችው።

መኪናው ቁልቁለቱን ወርዶ ድምፁ ሲጠፋ፣ ናፍቆት አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና ለወልዱ ቦታ ለቀቀችለት።

«አሁን ለእኔ ይንገሩኝ» አለችው።